ለዘር የመጣው ገብስ

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ የዘር ገብሳቸውን ጠመቁት። ከጠመቁት የተረፈውን ፈጭተው ዳቦ ጋገሩት። በልደት ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያኑና ለማኅበርተኛው አበሉት። እኔም በላሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት እዚያ እንደደረስን ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ መጨረሻውን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የኔ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነው። የጎልማሳ ትምህርት ተብሎ ሰንበቴ ቤት ውስጥ ሰሌዳ ተሰቀለና ገባሁ። ትልቋ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ስትሆን እኔ ሀ ሁ ላይ ነበርኩ፤ ማታ ማታ ደብተሬን እያየች ትስቅብኛለች። ቢሆንም ለመድኩት። ከለመድኩት በኋላ ግን አንድ በሽታ ያዘኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ ሥራ የሚሠራ ይመስለዋል። መሬት ላይ ያቃተኝን ሁሉ በወረቀት የማቃናው መሰለኝ። በደብራችን ማመልከቻ ሲያስፈልግ ወደኔ ይመጡ ጀመር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ያን ዓመት ኅዳር ላይ ውርጭ ወረደብን። ገብሱ ገና ወተት ይዞ ነበር። በጓሳ ደጋ በኩል የሚመጣው ብርድ ሦስት ሌሊት ተኛበት። የአማቴ ማሳ ዳገቱ ሥር፣ ጎድጓዳው ላይ ነው፤ ብርድ የሚጠራቀመው ደግሞ እዚያ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የደረሰ አዝመራ ይመስላል። ዛላውን በመዳፍ ሲያሹት ግን ገለባ ብቻ ነው። የኔ ማሳ ከፍ ያለ ስለሆነ ግማሹ ተረፈ። የሳቸው ግን ለበግ ሆነ።

ከደብራችን ወጥተው ከተማ የሚኖሩ የአገር ልጆች በየዓመቱ ለልደት እያዋጡ ለተቸገረ ዱቄትና ዘይት ይልካሉ። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ እንደ ልማዱ እንጻፍላቸው ሲል እኔ ተነሥቼ ተናገርኩ።

«ዱቄት ምን ይሠራል? በገና በልቶ በጥምቀት መራብ ነው። በልጉ እየመጣ ነው። ዘር ይላኩልን።»

ደብሩን የሚያስተዳድሩት ቄስ አዩኝና፣ «ነገሩ ልክ ነው። እንግዲያው አንተው ጻፈው» አሉኝ።

ጻፍኩት። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር። ማመልከቻ የራሱ ቋንቋ አለው፤ መሐል ሜዳ ከተማ ቢሮ ደጅ ተቀምጠው ለሰው የሚጽፉትን ሳይ የለመድኩት ነው። እንዲህና እንዲህ ካልተባለ ወረቀቱ አይታይም ይላሉ። አማቴ ላይ ስደርስ «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው አሮጊት» ብዬ ጻፍኩ። ሳላስበው ያመለጠኝ አይደለም። ልጃቸው ሚስቴ ናት፣ እኔ አማቻቸው ነኝ፣ ቤታችን ከቤታቸው ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ይኼን ሁሉ እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ዘሩ ይምጣ እንጂ ወረቀቱን ማን ያየዋል አልኩ።

ዘሩ በታኅሣሥ ሚካኤል መጣ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሞ ሳለ፣ ሰጪዎቹ እንዲመረቁ፣ ለማን እንደተሰጠም ሐሜት እንዳይኖር ተብሎ ቄሱ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እኔ ጆንያ እያቀበልኩ ነበር።

«ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው አሮጊት፣ ግማሽ ኩንታል የዘር ገብስ» ብለው የአማቴን ስም ጠሩ።

ከዚያ ከኋላ አንዱ፣ «አማችየውስ ሞቷል እንዴ? ይኸው ጆንያ ተሸክሞ ቆሟል!» አለ። ተሳቀ።

አማቴ ከሴቶቹ መካከል ወጡ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ጆንያውን አህያ ላይ ጭኜ ተከተልኳቸው። ቤታቸው ስንደርስ፣ «እዚያ ጥግ ያኑሩልኝ» አሉኝ።

አማቴ ልጃቸውን ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ አንቱ ነው የሚሉኝ። እኔም ቀና ብዬ ዓይናቸውን አይቼ ተናግሬ አላውቅም። በአገሩ አፉ እሬት ነው የሚባልልኝ ሰውዬ፣ ሊቀ መንበር ሳይል ቄስ ሳይል የሚናገር ሰውዬ፣ እሳቸው ፊት ስቀመጥ ምላሴ ይተሳሰራል። የዚያን ዕለት «ይቅር ይበሉኝ» ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። አህያዬን እየነዳሁ ተመለስኩ።

አሁን ስለ ማኅበሩ ልናገር። አማቴ የባለወልድ ማኅበር አላቸው። ጽዋው በየወሩ በሃያ ዘጠኝ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ጽዋውን የተረከበ ሰው በተራው ይደግሳል። የታኅሣሡ ተራ ግን ልደት ላይ ስለሚውል ከባድ ነው። ማኅበርተኛውን ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠውን ነዳይ ሁሉ ማብላት አለ። ስለዚህ ያንን ተራ የሚወስድ ሰው ከዓመት በፊት ቃል ይገባል። አማቴ አምና በልደት፣ ጎተራቸው ሙሉ ሳለ ቃል ገብተዋል። እኔ ይኼን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ውርጭ የመታውን ሰው ማን ደግስ ይለዋል፣ ማኅበሩ ተራውን ያዛውረዋል ብዬ በሆዴ ጨርሼው ነበር። በሆዴ የጨረስኩትን ለማንም አልነገርኩም።

ዘሩ በመጣ በሳምንቱ ሚስቴ ለእናቴ ጨው አድርስላት ብላ ላከችኝ። ገባሁ። ከበሩ ጀርባ መሬት ላይ ሣር ተነጥፎ፣ በላዩ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል። ሽታው ነገረኝ። ማዳበሪያውን ገለጥ አደረግኩት። ገብሱ ጎንቁሏል፤ ነጫጭ ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዟል። መሬት ውስጥ መብቀል የነበረበት ገብስ ቤት ውስጥ በቅሏል። የራሰ ገብስ ደግሞ መልሶ ዘር አይሆንም።

«ይኼ ገብስ ከየት መጣ?» አልኩ፤ እያወቅኩ።

«አንቱ ያመጡት ነዋ።»

«የዘሩ?»

«ሌላ ምን ገብስ አለኝ?»

«እሜቴ፣ በልጉ ሲጥል ምን ሊዘሩ ነው?»

«በልጉ መጀመሪያ ይጣላ።»

«ቢጥልስ?»

«ቢጥልማ ማን ያርስልኛል? ጧሪ የለኝ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ከልብ ነበር። ያ ነው የባሰብኝ።

«ለወረቀት ነው እኮ» አልኩ። «እንዲያ ካልተባለ አይሰጡም ብዬ ነው።»

«ወረቀት አይዋሽም እያሉ ለሰው ሁሉ የሚናገሩት አንቱ አይደሉ እንዴ?» ብቅሉን መልሰው ሸፈኑት፤ ልጅ እንደሚሸፈን ጠርዝ ጠርዙን ጠቅጠቅ አደረጉት። «አልተቀየምኩም፤ ይቀመጡ። ግን ያ ሁሉ ሰው ሰምቷል። አሁን ዝክሬን ሌላ ሰው ቢያነሣልኝ፣ የተነበበው እውነት ነበረ ማለት ነው።»

«ያልተነከረውን እንኳ ይተዉት። ግማሹ ይቅር።»

«እሱማ ለዳቦው ነው።»

ጨዉን አስቀምጬ ወጣሁ።

ሚስቴን ላክኋት። የገዛ ልጃቸውን ይሰማሉ ብዬ። ከሰዓት ሄዳ ሲመሽ ተመለሰች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ምን አሉሽ?»

«አለቀስኩባት። እሷም አብራኝ አለቀሰች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጌሾ ግዢልኝ አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«ገዛሁላታ! ምን ላድርግ?»

የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴ የምንለው፣ አጥሩን ሲክብ አገኘሁት። ተራውን ወስደህ አድነን አልኩት። ድንጋዩን ሳያስቀምጥ፣ «ለኔ ይስጡኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በሦስተኛው ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ሞቼ ከሆነ ንገሩኝና ልገነዝ› አሉኝ» አለ። ከዚያ ድንጋዩን ካቡ ላይ አኖረና፣ «አንተ ደግሞ ጧሪ የላቸውም ብለህ ጽፈህ ስታበቃ አሁን ልትጦራቸው መጣህ?» አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እንጣላ ነበር። ድንጋይ አቀበልኩት።

የቀሩት ቄሱ ነበሩ። የአማቴ የንስሐ አባትም እሳቸው ናቸው።

«አባ፣ አንድ ቃል ቢነግሯቸው ይሰማሉ» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ለእግዚአብሔር ቃል የገባሽውን አፍርሺ ልበላቸው?»

«ዘር ነው እኮ አባ! በልጉ ካመለጣቸው እስከሚመጣው ኅዳር ምን ይበላሉ?»

«አውቃለሁ» አሉ። «መስመሩ ላይ ስደርስ አይቼው ነበር እኮ። ልዝለለው ብዬ አስቤ ነበር። ከተጻፈ በኋላ እንዴት ይዘለላል አልኩና አነበብኩት።» እኔን አላዩኝም። «አንተም ደህና አድርገህ ጽፈሃል፣ እኔም ደህና አድርጌ አንብቤያለሁ» አሉ።

እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ልደት ደረሰ። ጋኑን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይሸከምላቸዋል? ከቅዳሴ በኋላ ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ከሣሩ ላይ እየቀለጠ ሳለ ነዳያኑ በአጥሩ ጥግ ተደርድረው ተቀመጡ። ከራቤል መንገድ ድረስ የመጡ አሉ። አማቴ ነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ያልፉ ነበር። ጉልበታቸው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ለእያንዳንዱ ዳቦ በሁለት እጃቸው ይሰጣሉ፤ ጠላው ሲጎድል ይጣራሉ፤ «አንተ ትንሽ ነው የያዝከው፣ ጨምር» ይላሉ። ሰው ሁሉ «ከዓመት ዓመት ያድርስዎ» ይላቸዋል። አምና ካየኋቸው ይልቅ ወጣት ሆነው ነበር።

የማላውቀው አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ዳቦውን እያላመጠ ክንዴን ያዘኝ።

«እኚህ ሴትዮ ባለጸጋ ናቸው አይደል?»

«አዎ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው።

ዘሩን ከላኩት የከተማ ሰዎች አንዱ ለበዓሉ መጥቶ ነበር። ጥሩ ጃኬት የለበሰ፣ ክፉ ሰው አይደለም። በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ ቆየና ወደኔ ጠጋ አለ። «ማመልከቻውን የጻፍከው አንተ ነህ አሉኝ።»

«ነኝ።»

«ይኼን ሁሉ ሕዝብ የሚያበሉ ሴትዮ ጧሪ የሌላቸው ድሃ ብለህ ጻፍክልን? አይ ወንድሜ! በሚመጣው ዓመት የምትልኩትን ወረቀት አጣርተን ነው የምናየው።»

የምትበላው ዳቦ የላክኸው ዘር ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። አማቴ ግን በዚያ ሰዓት ዳቦ ይዘው ወደኔ እየመጡ ነበር። ይሰሙኛል። ይኼን ከተናገርኩ ዳቦው ሁሉ መልሶ ምጽዋት ይሆንባቸዋል። አፌን ዘጋሁ። ሰውዬው በዝምታዬ የልቡን አገኘና ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እሱ ካለውም አለፈ፤ ደብራችን በዓመቱ ምንም አልተላከለትም።

«ይብሉ እንጂ» አሉኝ አማቴ። በላሁ። ጣፈጠኝ፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው።

ድግሱ ሲያበቃ ጽዋውን ለቀጣዩ ሰው አስረከቡ። ቄሱ ባረኩ። ባዶውን ጋን ተሸክሜ ከኋላቸው ወረድኩ። ቤታቸው ጥግ ያ ጆንያ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ሊቀመጡበት።

የካቲት ላይ በልጉ ጣለ። ደግሞ አጣጣሉ! ብዙ ዓመት እንዲህ ያለ በልግ አላየንም። ከራሴ ዘር ሁለት ቁና ሰፍሬ ይዤ ሄድኩ። የቀረው ለኔ ማሳ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ቁናውን ገና ሳላወርደው፣ «የልጅ ልጆቼን ጉሮሮ አልዘራም፤ ይመልሱት» አሉኝ። ለመንኩ። የአማት ወግ ትቼ ፊታቸውን አይቼ ለመንኩ። እንቢ አሉ። ከዚያ፣ «መሬቱን ግን ካረሱልኝ ይበቃኛል፤ ዝናብ እያየው ጾሙን ሲያድር አሳፈረኝ» አሉ።

በማግሥቱ በሬዎቼን ጠምጄ ወረድኩ። አፈሩ ለስልሶ ማረሻው ይንሸራተታል። ጎረቤቶቼ በዳገቱ ላይ ዘር እየበተኑ ነው። አማቴ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ የበግ ጠጉር ባና ተከናንበው፣ እያንዳንዱን ፈር ያያሉ። አንድ መንገደኛ አህያ እየነዳ ሲያልፍ ቆመ።

«እግዜር ያበርታ! ምን ልትዘራበት ነው?»

አማቴም ምን እንደምመልስ ለመስማት ወደኔ ዞሩ። እኔ ለማንም መልስ የማላጣ ሰውዬ በሬውን ጮኽ ብዬ ነዳሁ፤ ያልሰማሁ መሰልኩ። መንገደኛው ትንሽ ጠበቀና አህያውን እየነዳ ሄደ። እኔም የጀመርኩትን ጥማድ ጨረስኩ።