አማት የማይሰሙት ቋንቋ

ፎቶ አንሺው ቀኑን ሙሉ ለፓስፖርትና ለመታወቂያ የሚነሱ ሰዎችን «አገጭ ዝቅ፣ ቀና ይበሉ» ሲል ይውልና ማታ ጉሮሮውን እየሞረደ ክሊንጎን ይማራል። ክሊንጎን ለፊልም ጦረኞች፣ ለእነዚያ ግንባረ ሸካሮች ተብሎ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። አገር የለውም፤ ሰዋስው ግን አለው፣ ያውም ራስ የሚያዞር።

የተማረው ለጠብ ነው። አማቱ አብረዋቸው ይኖራሉ፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ባልና ሚስት ደግሞ መቼም ሳይጋጩ አይኖሩም። ስለዚህ ሁለቱም ቋንቋውን በስልክ ከሚሰጥ ትምህርት፣ ድምፁን ለቀው አጠኑት። አማትየው ጥግ ይዘው ሹራብ ይሠራሉ።

በዚህ ቋንቋ የተደረገበት ነገር ይቀድማል፣ አድራጊው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለባል የተመቸ ነው፤ «ሳህኑን ሰበረው» ብሎ «ባልሽ» እስኪል ድረስ በሩ ጋ ይደርሳል። ከግሱ ኋላ ደግሞ ተናጋሪው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ የሚናገር ቅጥያ አለ። ሚስቱ ፋርማሲስት ናትና በግምት የሚባል ነገር አይገባትም።

«ጨቅጫቃ ነሽ ያልከኝ እርግጠኛ ሆነህ ነው ወይስ መስሎህ? ቅጥያው የታለ?» ትለዋለች። ቅጥያውን ሲፈልግ ንዴቱ ይበርዳል። ጠቡ አልጣፍጥ ሲላቸው ወሬውንም፣ ሐሜቱንም፣ ቀልዱንም በክሊንጎን ያደርጉት ጀመር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ፎቶ አንሺው የልቡን አወጣ። የአማቱን ክፍል ስቱዲዮ ሊያደርገው አምሮታል፤ እሳቸው ወደ ወንድ ልጃቸው ቤት ይሂዱ አለ። ይህን ያለው በክሊንጎን ነው፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ፣ ሾርባ እየጨለፈላቸው።

«እናቴን?» አለች ሚስቱ በዚያው ቋንቋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

እሱ ተከራከረ። እንደዚያ ቀን ሰዋስው ተሳክቶለት አያውቅም፤ ደረቱን ሳይቀር ነፋ።

አማትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «መቼ ልሂድ?» አሉ፣ በጠራ ክሊንጎን።

ባልየው ክው አለ። ሾርባው ትን ብሎት ሚስቱ ጀርባውን ደለቀችው፣ ከሚያስፈልገው በላይ።

«እማማ... ይሰሙታል እንዴ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ?» አሉ ወደ ሰው ቋንቋ ተመልሰው። «ለእኔ 'እንዴት አደሩ' ነው፣ 'ይብሉ' ነው፣ አለቀ። ጨዋታው ሁሉ በዚያ ሆነ። ሰው ቤት ተቀምጦ ጨዋታ አይናፍቀውም? አብሬ ሰማሁ፣ ውሎ አድሮ ገባኝ። ቀልዳችሁ ያስቃል፤ እንዳታቆሙብኝ ፈርቼ ሳቄን ዋጥኩት እንጂ።»

አማትየው ማንኪያቸውን መልሰው አነሱ።

«ክፍሉን ውሰደው ግዴለም። ብቻ እዚያ ሄጄ ከማን ጋር ልጫወት ነው? ያ ልጄ እንደሆነ አንድ ቃል አይችል።»

ፎቶ አንሺው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እኚህን ሴት ይህን ያህል ዘመን ሲያገለሉ መኖራቸው ያን ጊዜ ገባው። «የትም አይሄዱም!» አለ። በየትኛው ቋንቋ እንዳለው ዛሬም አያስታውስም። ሚስቱ አንዱን ትላለች፣ አማቱ ሌላውን፤ በዚሁ ይጨቃጨቃሉ፣ ሦስት ሆነው።