የኤገልሃም ምሰሶና የኖትቡርጋ እጅ

ኖትቡርጋ ዜልሁበር ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት የምትል ሴት አልነበረችም። እንዲያውም ቢጠሯትም አቤት ማለት አትወድም። ኤገልሃም መንደር ተወልዳ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ እየነዳች ስድሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት። አላገባችም፤ ከእናቷ በወረሰችው ቤት፣ ከቁመቷ በላይ ባሳደገችው የቁጥቋጦ አጥር ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። መንደሩ የተኳሾች ማኅበር አለው፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች አሉት፣ የትንፋሽ መሣሪያ ሙዚቀኞች ጓድ አለው። እሷ የአንዱም አባል አይደለችም።

አንድ ክረምት ጎረቤቷ ኮርቢኒያን ሀስልበርገር በሯ ላይ የተከመረውን በረዶ ጠረገላት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስታ የእሱን በር ጠረገች። "ውለታ አልወድም" አለችው፣ አካፋዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች። ሰውየው ከዚያ ወዲህ በረዶዋን አልነካም፤ ግን አልተቀየማትም። በእኛ አገር ሰውን እንደፈለገው እንዲሆን መተውም አክብሮት ነው።

ኤፕሪል ሲገባደድ ግን የኤገልሃም ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ምሰሶውን። ረጅም የጥድ ግንድ ተልጦ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ፣ ሜይ አንድ ቀን ለፀደይ በዓል አደባባይ ላይ እስኪቆም ድረስ በኮርቢኒያን መጋዘን ውስጥ ይጠበቃል። የሚጠበቀውም ከጎረቤት መንደር ሌቦች ነው። ስርቆቱ የተከበረ ስርቆት ስለሆነ ፖሊስ አይጠራም። ምሰሶው ከጫፍ እስከ ጫፍ በመንደሩ ወሰን ላይ የቆመውን ቢጫ የስም ሰሌዳ ካለፈ አለቀ፤ ባለቤቶቹ ለሌቦቹ ቢራና ቋሊማ አብልተው፣ ለምነው ያስመልሱታል። ከዚያ በፊት ግን አንድ የመንደሩ ሰው እጁን ግንዱ ላይ አሳርፎ "ምሰሶው እዚሁ ይቀራል" ካለ፣ ሌቦቹ ራሳቸው ወደ ቦታው ይመልሱታል። ኤገልሃም አምናም ካቻምናም ተሰርቆበታል። ዘንድሮ ከተደገመ የጎረቤቱ መንደር የራይትሞስ ልጆች እስከ ልጅ ልጅ ይስቁበታል።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቁ ያደሩትን ዘበኞች ከመጠጥ ቤቱ የመጣው የአሳማ ጥብስ ሽታ አሸነፋቸው። "በጠራራ ፀሐይ ማን ይመጣል?" ብለው ሄዱ። ኖትቡርጋ ሾርባዋን እየጠጣች ሳለ ከአጥሯ ማዶ ሹክሹክታ ሰማች።

"ቀስ በሉ፣ ሴትየዋ ቤት ናቸው።"

"ቢሆኑስ? ወይዘሮ ኖትቡርጋ እንደሆኑ በሰው ጉዳይ አይገቡም። በዚህ በኩል የመጣነው ለምን ሆነና?"

የሁለተኛውን ድምፅ ወዲያው ለየችው። ከልጅነቱ ጀምሮ ትምህርት ቤት ስታመላልሰው የኖረችው፣ ዛሬ የራይትሞስ ጎረምሶች አለቃ የሆነው ቪቱስ ነው።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። የተባለው እውነት ነው፤ ራሷ ስትለው የኖረችው ነው። ከሌባ አፍ ስትሰማው ግን አንጀቷን አቃጠላት። ማንም እንዳይነካት ብላ ያሳደገችው አጥር ለካ ለሌባ ክፍት በር ሆኗል።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! በቤት ጫማዋ ፈትለክ ብላ ወጣች። ጎረምሶቹ ግንዱን ጋሪ ላይ ጭነው እየገፉ መንገዱን ይዘውታል። ሲያዩዋት መሮጥ ጀመሩ። እሷም ሮጠች። አንዱ ጫማዋ ከሰው ዶሮዎች መሃል ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። የሚገርመው ግን ደስ ብሏታል። እንዲህ የሮጠችው መቼ እንደሆነ እንኳ አታስታውስም። የግንዱ ፊት ሰሌዳውን አለፈ፣ ወገቡም አለፈ። ጭራው ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው መዳፏን ጣል አደረገችበት።

"ምሰሶው እዚሁ ይቀራል!"

ጋሪው ቆመ። ቪቱስ ላቡን እየጠረገ መጣ።

"ወይዘሮ ኖትቡርጋ፣ ደንቡ የመንደሩ ሰው እጅ ነው የሚለው። እርስዎ ደግሞ 'እኔ የማንም አይደለሁም' ሲሉ አውቶቡስ ውስጥ ስንት ዓመት ሰምተንዎታል።"

"እኔም አንተን ማስቲካህን ወንበር ስር ስትለጥፍ ስንት ዓመት አይቼሃለሁ።"

ጎረምሶቹ በሳቅ ፈነዱ። ቪቱስ ግን አልለቀቃትም። "ይሁን፣ ለጥፌያለሁ። እስቲ ይንገሩኝ፣ የማን ነዎት?"

ሳቁ ቆመ። ኖትቡርጋ ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ የነበራት መልስ አንድ ነው፤ እሱን ብቻ ካለች ደግሞ ምሰሶው ሄደ። መዋሸት ደግሞ አትችልበትም።

"የራሴ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ማንም መጥቶ እንዲያዝንልኝም አልፈልግም። የምኖረው ግን እዚህ ነው። ይሄ ምሰሶ የኛ ነው። መልሰው።"

"የኛ" የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ቪቱስ ትንሽ አያት፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀላት። "አዙሩት" አለ ለጓደኞቹ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዘበኞቹ የአፍ መጥረጊያቸው ደረታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ እየሮጡ ደረሱ። ከእነሱ ጋር የመጣው ኮርቢኒያን የሆነውን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ።

"ዛሬ ቢራው በኔ ነው፣ ወይዘሮ ኖትቡርጋ።"

"የራሴን ራሴ እከፍላለሁ።"

"ይክፈሉ። ብቻ ከኛ ጋር ቁጭ ብለው ይጠጡ።"

"እሱን እናያለን" አለች፤ ፊቷ ግን በደስታ ቀልቷል።

ጋሪው ወደ መንደሩ ተመለሰ። ኖትቡርጋ ባንድ እግሯ ጫማ፣ ባንድ እግሯ ካልሲ አድርጋ ከግንዱ ጎን ትራመዳለች።

"አሁን እኮ እጅዎን ማንሳት ይችላሉ" አላት ኮርቢኒያን ቀስ ብሎ። "አንዴ ከነኩት ይበቃል፣ ደንቡ እንደዚያ ነው።"

"ደንቡን አውቀዋለሁ" አለችው። መጋዘኑ በር እስኪደርሱ ድረስ ግን እጇን አላነሳችም።