ጨው ከፊንስበሪ ፓርክ

ሳህሌ ብርድ ይፈራል። ብርድ የማይጠላ ሰው የለም ትሉ ይሆናል፤ የእሱ ግን ለብቻው ነው። ለእሱ ነፋስ ማለት ጀርባ የሚወጋ፣ አንገት የሚያደርቅ፣ በመስኮት ስንጥቅ ሾልኮ ደህናውን ሰው አልጋ ላይ የሚጥል ጠላት ነው። ዕድሜውን የጨረሰው የለንደን አውቶቡስ ሲነዳ ነው። ተሳፋሪው በሐምሌ ሙቀት መስኮት በከፈተ ቁጥር እሱ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ በመስታወቱ ይገላምጠው ነበር። ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም "ሚስተር ሂተር"፣ አቶ ማሞቂያ፣ ነበር፤ ይህንን እስከ ዛሬ እየሳቀ ይናገራል።

ሚስቱ ጌጤነሽ ደግሞ የመስኮት ወዳጅ ነበረች። ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር ያለው ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሳሎኑ መስኮት ፀሐይ ያገኛል። ጌጤነሽ የመስኮቱን ደፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጓሮ አድርጋው ነበር። በእርጎ ባልዲ በሶብላ፣ በወተት ቆርቆሮ ጤና አዳም፣ እጀታው በወለቀ ድስት ድንብላል። ከሁሉ የምትሳሳለት ግን ቃርያዋን ነበር። ዘሩ ቢሾፍቱ ከእናቷ ጓሮ የመጣ ነው፤ አጠር፣ ወፈር ያለ፣ ሲነክሱት መጀመሪያ የሚጣፍጥ፣ ቆይቶ ጆሮ የሚያግል ቃርያ። በየዓመቱ አንዱን ፍሬ እስኪቀላ ትተወዋለች፣ ዘሩን አድርቃ በክብሪት ቀፎ ታስቀምጣለች፣ ክረምቱ ሲለዝብ መልሳ ትዘራዋለች። እንዲህ እየሞተና እየተነሣ ያ ቃርያ ለንደን ውስጥ አርጅቷል ማለት ይቻላል።

በተጋቡ ሰሞን በመስኮቱ ተጣልተው ነበር። እሷ "ቤቱ ይናፈስ" ትላለች፣ እሱ "ልትገይኝ ነው" ይላል። እሷ ትከፍታለች፣ እሱ ይዘጋል። በኋላ አንድ ቀን ጌጤነሽ ምንም ሳትናገር መስኮቱን ዘጋችው፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ። ሳህሌ እንዳሸነፈ ቆጥሮ ነገሩን ለጓደኞቹ ሁሉ አወራ።

ባለፈው መጋቢት ጌጤነሽ ሆስፒታል ገባች። ከመግባቷ በፊት የቀራትን ዘር በሙሉ ዘርታ ነበር። አልጋዋ ላይ ሆና የሳህሌን እጅ ያዘችና፣ "ቃርያው ፍሬ ሲይዝ ዘሩን ለራኬብ አስቀምጥላት። የእናቴ ነው፣ እኔ ጋ እንዳይቀር" አለችው። ራኬብ አንዲት ልጃቸው ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ሃክኒ ውስጥ የምታስተምር። ሳህሌ "እሺ" አላት። ከዚያ ወዲያ ጌጤነሽ ምንም አልጠየቀችውም። ከፋሲካ በኋላ ቀበራት።

ለቀስተኛው ሲበተን ራኬብ ኩሽናውን ልታስተካክል ገባችና የላይኛውን ቁም ሳጥን ከፍታ ቆማ ቀረች። ከላይ እስከ ታች ጨው ነው። ያልተከፈተ፣ በፓኬት በፓኬት የተደረደረ ጨው።

"አባዬ፣ እማዬ ይሄን ሁሉ ጨው ምን ልታደርገው ነው?"

"እኔ ነኝ የገዛሁት" አላት። ባለፈው ዓመት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጌጤነሽ በየጠዋቱ ጨው ትልከው ነበር። ያውም ሌላ ሰፈር ካለው ከፊንስበሪ ፓርክ፣ ከክብሮም ሱቅ። "የኤድመንተን ጨው ጨው ጨው አይልም" ትለው ነበር። እሱም ሳያንገራግር በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ከክብሮም ጋር ሲጫወት ያረፍዳል፣ ጨውን ይዞ ይመለሳል። አባትና ልጅ ተያዩና መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው አለቀሱ። በሽታው ያኔውኑ ጭንቅላቷን ነክቷት፣ መርሳት ጀምሯት ነበር ብለው ደመደሙ።

ችግኞቹ ከሳህሌ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። አፈር ነክቶ የማያውቅ ሰው በስተርጅና ገበሬ ሆነ። አንድ ጠዋት ቁጭ ብሎ ሲያያቸው ከጥፍር ቁራጭ ያነሰ ደረቅ ዘር ይህንን ሁሉ ግንድና ቅጠል ከየት እንዳመጣው ማሰብ ጀመረና ቁርሱን ረሳ። ውሃ ነው የሰጠው። ውሃ ብቻ። ታዲያ አረንጓዴው ከየት መጣ? ስለ ሞተር የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ሞተር ግን ያልሰጡትን አይመልስም።

ጥበቃውንም በሚያውቀው መንገድ ተያያዘው። የቢሾፍቱ ዘር የሙቀት አገር ዘር ነው፤ ስለዚህ ብርድ እንዳያገኘው መስኮቱን ቆለፈ፣ ስንጥቁን በፕላስተር አሸገ፣ ሂተሩን ሌት ተቀን ለቀቀው። ቃርያዎቹ አደጉ፣ ቅጠላቸው ጠቆረ፣ ሰኔ ሲገባ አበቡ። አበባው ነጭ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ መሬት የሚያይ። ሳህሌ ሊያየው ተንበረከከ።

በሦስተኛው ቀን አበባው ወደቀ። ተከታዩም ወደቀ። ጠዋት ሲነሣ ደፉ ላይ ረግፈው ያገኛቸዋል፤ አንገታቸው ቢጫ ሆኖ፣ አንዲት ፍሬ ሳይተዉ። ማዳበሪያ ገዛ፣ ረገፉ። መብራት ገዝቶ አበራላቸው፣ ረገፉ። ጸለየ፣ ረገፉ። የክብሪቱ ቀፎ ባዶ ነው፤ እነዚህ ካላፈሩ ከናት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረው ዘር በእሱ እጅ ሊያልቅ ነው። ይሄ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣው።

ራኬብ ቅዳሜ ስትመጣ ገና ከበሩ ጃኬቷን አወለቀች። "አባዬ፣ ሰኔ ነው እኮ! ቤቱ ኦቨን ሆኗል። ሂቲንጉን ኦፍ አድርገውና መስኮት ክፈት።"

"ብርድ ይመታቸዋል።"

"ጉግል ላድርግልህ?"

"ቃርያ በጉግል አይበቅልም" አላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ራኬብም ሐዘን ላይ ያለ አባቷን መከራከር ከብዷት ተወችው።

ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ሱመያ እናቷን ልታስታምም ወደ ደሴ ሄዳ ወራት ቆይታ ነበር። የጌጤነሽ የልብ ወዳጅ ናት። ሐምሌ ላይ እንደተመለሰች በሳህን ሳምቡሳ ይዛ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። አልቅሳ፣ አጽናንታ፣ ዓይኗን ጠርጋ ቀና ስትል ፕላስተሩን አየች።

"ጋሽ ሳህሌ፣ መስኮቱን ማነው ያሸገው?"

"እኔ ነኝ። ቃርያው እንዳይበርደው።"

"ኧረ እሷ በየቀኑ ነበር እኮ የምትከፍተው።"

"ተሳስተሻል፣ ሱመያ። መስኮቱን ከዘጋችው ስንት ዘመኑ።"

ሱመያ ትንሽ አመነታች። የሟች ምሥጢር ነው፤ ግን ደግሞ ከሟች በኋላ ለማን ይቀመጣል? "እርስዎ ሥራ ሲወጡ ትከፍተዋለች" አለች ዝግ ብላ። "ነፋሱ አበባውን ያወዛውዘዋል፣ ንብም ትገባለች። እንደዚያ ካልሆነ አበባው ሜዳ ይቀራል፣ ፍሬ አይዝም ትለኝ ነበር። እርስዎ ሊመጡ ሲሉ ደግሞ ዘግታ ሂተሩን ትለቀዋለች፤ ገብተው እንዳይበርድዎት። እዚሁ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን ስንጫወት ስንቴ 'ሱመያ፣ ሳህሌ መድረሻው ነው፣ ዝጊልኝ' ብላኛለች።"

"ጡረታ ከወጣሁ በኋላስ? ቤት አልነበርኩም እንዴ?"

ሱመያ ሻሿን አስተካከለች። "ያኔማ ጨው ትልክዎት ነበር" አለች።

 ሱመያ ሳህኑን ትታለት ከወጣች በኋላም ሳህሌ እዚያው ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሻርፑን ስታስተካክልለት፣ "ቀስ ብለህ ና፣ አትቸኩል" ስትለው ታየችው። እየተለማመጠች የላከችው መስሎት ኩራት ይሰማው ነበር። ተመልሶ ሲገባ ሞቅ ያለው ቤት እንደ ሞቀ የዋለ ይመስለው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አላወቀባትም፤ እሷም አንድም ቀን አልነገረችውም። ብርድ ፈሪነቱን ልታስተወው አልሞከረችም፤ አልናቀችውምም። ፍርሃቱን ሳትነካ በዙሪያው ነው የኖረችው። ሰው እንዲህም ይወደዳል እንዴ ብሎ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ደስታም ሐዘንም አልነበረም የያዘው፤ ትልቅ ነገር ፊት ባዶ እጁን የቆመ ሰው ድንጋጤ ነበር።

ተነሥቶ ሂተሩን አጠፋ። ፕላስተሩን ላጠውና መስኮቱን ከፈተ።

ነፋሱ ገባ። አንገቱ ላይ አረፈ፣ ጀርባውን ወጋው፤ ሳህሌ ግን ከቦታው አልነቃነቅም አለ። ቃርያዎቹ ሲንቀጠቀጡ አያቸው፤ የተከላቸው ሰው ከመንገድ የመጣ ይመስል ቅጠላቸው ሁሉ ተነሣ። ወደ አበቦቹ ተጠጋ። የሐዘን ጥቁር ሹራብ ለብሶ ስለነበር እጅጌው ላይ ቀለል ያለ ብናኝ ሲያርፍ አየ፤ ከዱቄት የደቀቀ፣ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላ። እስትንፋሱን ያዘ። ለካ ለፍሬ የሚሆነው ሁሉ አበባው ውስጥ ነበረ። የሚያወዛውዘው ብቻ ነው ያጣው።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ትልቅ ጠጉራም ንብ ገባች። ከታች መኪና ይጮሃል፣ ዙሪያው ሲሚንቶ ነው፤ ይቺ ጉድ አራተኛ ፎቅ ላይ የቢሾፍቱ ቃርያ ማበቡን ማን ነገራት? አበባው ላይ ተንጠልጥላ አንቀጠቀጠችው፣ ወደሚቀጥለው ሄደች፣ ሥራዋን ጨርሳ በመጣችበት ወጣች። ሳህሌ ልክ በቤተ ክርስቲያን እንደሚያደርገው ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ነበር። ከወጣች በኋላ መልሶ አጠለቀው፤ ምክንያቱም በእርግጥም በርዶታል።

በማግስቱ መስኮቱን ከፍቶ ብርዱን ችሎ ሊቀመጥ ሞከረ። አልቻለም። ጥርሱ ተንገጫገጨ። ካፖርቱን ለበሰ፣ ሻርፑን ራሱ ጠመጠመ፣ በሩን ሲከፍት ወደ ባዶው ሳሎን ዞሮ፣ "ጌጤ፣ ጨው ልገዛ ነው" አለ። ክብሮም ገና ሲያየው የጨው ፓኬት አወረደለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሄደ፤ ሲመለስ መስኮቱን ይዘጋል፣ ሻዩን ይጠጣል።

አንድ ጠዋት የወደቀ አበባ አልነበረም። ነጩ ቅጠል ደርቆ ተንጠልጥሏል፤ ከውስጡ የሚስማር ራስ የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች። ሳህሌ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። በጣቱ ሊነካት ፈልጎ ፈራት። ጌታ ሳይደግስ አይጣላም አለ በሹክሹክታ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ከፊቷ ተቀመጠና እስኪረጋጋ አለቀሰ።

መስከረም ሲጠባ ፍሬው ቀላ። ራኬብን ጠራት። በነጭ ሳህን ላይ ቃርያውን እሷ ሰነጠቀችው፤ ዘሩ ተፈነጠረ። ክብሪት ቀፎው ውስጥ አንድ በአንድ ሰበሰበችው።

"እኔ እኮ ተክል ይዤ አላውቅም፣ አባዬ። ቢሞትብኝስ? ምንድነው የማደርገው?"

"ውሃ ስጪው። ፀሐይ ያግኝ። ሲያብብ መስኮቱን ክፈቺለት።"

"እሺ።"

ሳህሌ ወደ ኩሽና ሄዶ ከቁም ሳጥኑ አንድ ፓኬት ጨው አመጣና ከክብሪቱ ቀፎ አጠገብ አኖረላት። የሱመያንም ወሬ ሁሉ ነገራት።

"ነገ የምታገቢው ሰው ብርድ የሚፈራ ከሆነ ግን" አላት፣ "አትጣይው። ጨው ግዛ በይው።"