የቦራ ልጓም

እንጅባራ ሱቄ ውስጥ፣ ከሰሊጡ ማዳበሪያ በላይ፣ አንድ ያረጀ ልጓም ተሰቅሏል። የገበያተኛው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ያርፋል። «ይሸጣል?» ይሉኛል። እኔ የሚገዛ ከተገኘ ሚዛኑንም የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ይሄን ግን አልሸጥም።

ልጅ እያለሁ፣ እናቴ የሞተች ዓመት፣ አባቴ አክስቴ ዘንድ ሊተወኝ ከዘንገና ወደ ቆላ ይዞኝ ወረደ። አክስቴ ያለችው ከጃዊም ወዲያ፣ አላጥሽ ጫካ ዳር ነው። ሰው ሁሉ «በቅሎ ተከራይ፤ ፈረሱን የቆላው በሽታ፣ ገንዲ፣ ይገድልብሃል» ብሎት ነበር። አባቴ ግን በጥር የፈረስ ግልቢያ ፈረሱ ቦራ ላይ ሲወጣ ሴቱ እልል የሚልለት ሰው ነው። «አገው ሆኜ በሰው በቅሎ?» አለ። በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

ያን ጊዜ አላጥሽ ፓርክ አይባልም፤ በረሃው ነው የሚባለው። ያስፈራኝ አውሬው ሳይሆን ተራራ ማጣቱ ነበር። ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ። ጠዋት የተነሳንበት ደረቅ ሣርና የቆላ ቀርከሃ፣ ሽመሉ፣ ማታም ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሄድን አይመስልም። አገሩ የተቃጠለ ሣር ይሸታል። ጭቃ ላይ ደርቆ የቀረ የዝሆን ዱካ ውስጥ ሁለት እግሬን ከትቼ ቆምኩ፤ ቦታ ተረፈ።

አንድ ጠዋት አባቴ ለቦራ ልጓም ሊያገባለት ሲል ከሣሩ ውስጥ አንበሳ አገሳ። እኛ አላየነውም። ቦራ ግን ልጓሙን አባቴ እጅ ላይ ትቶ በረረ።

«የሺ፣ ከዚች ዛፍ ሥር እንዳትነቃነቂ። ስምሽን እየጠራሽ ቆዪ፤ በድምፅሽ እመለሳለሁ» አለኝ።

«የራሴን ስም?»

«ታዲያ የጎረቤት ልትጠሪ ነው?» ብሎኝ ሮጠ።

«የሺ! የሺ!» አልኩ። ዘንገና ሐይቅ ዳር ስንጣራ ገደሉ ይመልስልን ነበር፤ ይሄ ጫካ ግን ይውጣል እንጂ አይመልስም። ስሜን ስደጋግመው የሌላ ሰው ስም ሆነብኝ። ጠፍታ የምትፈለግ ሌላ ልጅ ያለች መሰለኝና አዘንኩላት።

ፀሐይ ስትበረታ ዝሆኖች መጡ። ያ ሁሉ ሥጋ ሲሄድ ኮሽ አይልም። አንዲት ግልገል እናቷ ሆድ ሥር ተወሽቃ ትሄዳለች። አልፈው እስኪያልቁ ትንፍሽ አላልኩም።

አቧራቸው ሳይበርድ አባቴ እያለከለከ ደረሰ፤ እሾህ ሸሚዙን ተልትሎታል። ፊቴን፣ እጄን፣ እግሬን ዳሰሰ። ቦራን ከአንድ ወንዝ ማዶ አግኝቶት ነበር። ሊሻገር ሲል ድምፄ ጠፋበት።

«ቦራስ?» አልኩት።

«ቦራ ፈረስ ነው» አለ።

አክስቴ ዘንድም አልተወኝ። ልጓሙን ትከሻው ላይ ጥሎ በእግራችን ወደ ደጋ ተመለስን፤ መንገደኛው ሁሉ «ፈረሱስ?» ሲለው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

በቀደም ሰሊጥ ልጭን ቆላ ወርጄ ፓርኩ ዳር መኪናውን አስቆምኩ። ጫካው ያው ነው፤ አሁንም ዓይን አያሳርፍም። ስልኬ ኔትወርክ የለውም፤ ቢኖረውም የምደውልለት የለኝ። አንዴ «የሺ!» ብዬ ተጣራሁ።

«ማንን ነው የሚጠሩት፣ እትዬ?» አለ ሾፌሩ።

«የማውቃትን» አልኩትና ዝም አልኩ። ያኔ ዝም ብል ፈረሱን ትቶ የሚሮጥልኝ ሰው ነበረኝ። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ።