አንገቷን የደፋች ናት የሚለው ደብዳቤ

እልኸኛ ነኝ። ይህን የምለው ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ ባሌም ልጄም በየተራ የሚመሰክሩት ነገር ስለሆነ ነው። ግን እስከ አርባ ሦስት ዓመቴ ድረስ እልኬን ከቤት ይዤው ወጥቼ አላውቅም ነበር። ደጁን ስረግጥ ሌላ ሰው ነኝ። ድምፄ ይቀንሳል፣ «እሺ» እና «ምንም አይደል» ይበዛል። አስተዳደጌ ነው፤ ሥራዬም አግዞታል። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ፍርድ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። ባለጉዳይ የሚያመጣውን ወረቀት የምቀበለውም፣ ዳኛው ሲናገሩ የምጽፈውም እኔው ነበርኩ። እዚያ ቤት ዳኛ ይናገራል፣ ጸሐፊ ይጽፋል፣ አለቀ።

ቶሮንቶ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ኖርዝ ዮርክ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ካውንተር ላይ ቆምኩ። መጥፎ ሥራ አይደለም። ግን ፎቃችን ውስጥ ያሉ ሐበሾች ሁሉ የሚያስፈራ ደብዳቤ በመጣባቸው ቁጥር ወደ እኔ ይሮጣሉ፤ «አንቺ ፍርድ ቤት ሠርተሻል፣ እስቲ እይልኝ» ይሉኛል። አነባለሁ፣ አስረዳለሁ፣ ከዚያ «ሎየር ፈልጉ» ብዬ እልካቸዋለሁ። ይቺ የመጨረሻዋ ቃል እየዋለ እያደረ ታናድደኝ ጀመር። አንድ ቀን እራት ላይ ስነጫነጭ፣ እዚሁ የተወለደችው የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሶ ሎው ስኩል አፕላይ አድርጊያ» አለችኝ። ባሌ ሳቀ። እሱ በመሳቁ ነው የቆረጥኩት፤ እውነቱን ልናገር።

በኦክቶበር አንድ ቅዳሜ የሕግ ትምህርት ቤቱ አመልካቾችን ጠርቶ ገለጻ ያደርግ ነበርና ሄድኩ። በር ላይ ስም ዝርዝር የያዘው ጎረምሳ ፈገግ ብሎ «የወላጆች መቀመጫ ከኋላ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ! ግን ምን አልኩ? «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ከኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከአንዲት ተማሪ አባት ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ፓርኪንግ ሳወራ ቆየሁ። እንዲህ ነበርኩ እንግዲህ።

የቅበላ ኃላፊዋ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ቀልጣፋ ሴት፣ ስለ መግቢያ ፈተናው፣ ስለ ማመልከቻው ድርሰት፣ ከዚያ ስለ ድጋፍ ደብዳቤው ተናገረች። ዕድሜያችን ገፋ ያለ አመልካቾች አንዱን ደብዳቤ ከድሮ አለቃ ማምጣት እንችላለን አለች። ቀጥላም የተናገረችውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦ ጥሩ ሰው መሆናችሁን የሚነግረን ደብዳቤ ብዙ ይደርሰናል፤ ከአለቃችሁ ጋር ሳትስማሙ ስትቀሩ ምን እንዳደረጋችሁ የሚነግረን ግን ትንሽ ነው። ጻፍኩት እንጂ ወደ ጭንቅላቴ አልገባም። የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎኝ አለፍኩት።

ምክንያቱም አለቃ ሲባል ለእኔ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ያኔ የማገለግላቸው ዳኛ። አሁን ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ክቡር ዳኛ የምላቸው ችሎት ላይ ነበር፤ ከችሎት ውጪ ጋሼ ነው የምላቸው። ደውዬ ስነግራቸው ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «እሰይ የኔ ልጅ! ሁለት ገጽ እጽፍልሻለሁ!» አሉኝ።

ደብዳቤውን በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ እንዲልኩት ሊንክ ተልኮላቸው ነበር። ጋሼ ግን ሊንክ የሚባል ነገር አያምኑም። መጀመሪያ እኔ እንዳየው ብለው በፎቶ ላኩልኝ። በጥሩ የድሮ እንግሊዝኛ፣ በእጅ የተጻፈ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «አመልካቿ እጅግ ጨዋና አንገቷን የደፋች ናት። በአምስት ዓመት ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አንድም ቀን ተቃውማኝ አታውቅም። የታዘዘችውን ሁሉ ሳትጠይቅ ትፈጽማለች።» በዚሁ መንፈስ ሁለት ገጽ ይቀጥላል።

 ፋርማሲው ጓዳ ውስጥ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ብትሰማው እልል የምትልለት ምስጋና ነው። ማታ እቤት ገብቼ ልጄን «እስቲ አንብቢ፣ እናትሽ ማን እንደሆነች እወቂ» አልኳት። አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ በጣም አዝና አየችኝና «ማሚ፣ ይሄ ሰውዬ ይጠላሻል?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው!»

«ሎየር መሆን ነው አይደል የምትፈልጊው? ሂ ሴይስ አርጊው አታደርግም፣ አትከራከርም። ማሚ፣ ዚስ ኢዝ ሪሊ ባድ።»

ልቆጣት ብዬ ስልኩን ከእጇ ነጠቅኩ። የቅበላ ኃላፊዋ የተናገረችው ያኔ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው። ደብዳቤውን በእነሱ ዓይን አየሁት፤ ድምፅ የላት፣ ጥያቄ የላት፣ ተቃውሞ የላት። እንኳን የሕግ ትምህርት ቤት፣ የሰፈር ስብሰባም አያስገባኝም። ወይ ጉድ! ሰውዬው ባላቸው ቃል ሁሉ አመስግነው አመስግነው ቀብረውኛል።

ማመልከቻው ሊዘጋ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የሕግ ሥራ ስሠራ ያየኝ ሌላ ሰው በምድር ላይ የለም። ፈተናው ላይ ያመጣሁት ውጤት ደህና ነው እንጂ የሚያስጨበጭብ አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ወይ ያስገባኛል ወይ ያስቀረኛል። ጋሼን ደብዳቤዎ አይሆንም ልበላቸው? እንዴት አድርጌ? ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የጻፉት ነው። ደግሞስ በምን አፌ? አንድም ቀን ተቃውሜያቸው እንደማላውቅ እኮ በጽሑፍ መስክረዋል።

ሦስት ቀን ዞርኩ። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልብስ ሰብስቤ ምድር ቤት ወዳለው ላውንደሪ ወረድኩ። ቤት ውስጥ ሆኜ ብደውል ባሌ በር ላይ ቆሞ በምልክት ሊያዘኝ ስለሚነሳ ነው። ማሽኑን ሞልቼ አስነሳሁት። አርባ ደቂቃ ይላል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ደወልኩ።

ሰላምታው ብቻ አንድ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ጤናቸው፣ የባለቤታቸው ጉልበት፣ የልጅ ልጆቻቸው። ከዚያ «ጋሼ፣ ደብዳቤው በጣም ቆንጆ ነው፤ ግን...» አልኩ።

«ግን ምን?»

«እዚህ አገር ትንሽ ሌላ ዓይነት ነው የሚፈልጉት። መከራከር እንደምችል ቢጠቅሱልኝ ብዬ ነው።»

«እዚያ አገር ጨዋነት ነውር ሆነ?»

«አይ፣ እንደሱ ሳይሆን...»

«ጠበቃ መጀመሪያ ማዳመጥ አለበት። ማዳመጥ ያልቻለ ሊከራከር አይችልም። ይህን ነው የጻፍኩት። ተሳስቻለሁ?»

«ኧረ አልተሳሳቱም ጋሼ» አልኩ። ምላሴ ናት፣ እኔ አይደለሁም! አምስት ዓመት የሠለጠነች ምላስ።

«እንግዲያው ጨርሰናል» አሉ።

እዚያ ላይ ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ፋርማሲው ውስጥ ነበርኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ «አልጨረስንም» አልኩ። ከዚያ ሳላስበው «ተሳስተዋል» አልኩ። ልብስ የምታጣጥፍ ፊሊፒናዊት ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው።

«ምን አልሽ?» አሉ ጋሼ። እኔ ግን አንዴ ከተከፈትኩ በኋላ መዝጊያው ጠፋኝ። «ያቺን ይግባኟ የተሰረዘባትን መበለት ያስታውሷታል?» አልኳቸው። አስታወሱ። ባሏ የተወላትን ቤት ዘመድ የቀማት ሴት ነበረች። ይግባኟን ስታመጣ ወረቀቱን የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ጊዜው ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው ነው ያመጣችው። ግን ማህተም ያዡ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ማህተሙን ቆልፎበት ነው የሄደው። ሲመለስ ሦስት ቀን አልፏል፤ ማህተሙን መታ፣ የመታበትን ቀን ጻፈ። ጋሼ መዝገቡን ሲያዩ ቀኑ አልፏል፣ ይግባኙ አይታይም ብለው ወሰኑ። ያንን ውሳኔ ሲናገሩ የጻፍኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። ጊዜው እንዳላለፈ ከሴትዮዋና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩት። ሴትዮዋ በላይኛው ፍርድ ቤት ቤቷን እስክታስመልስ ሁለት ዓመት ተንከራተተች፣ ሁለት ክረምት በሰው በረንዳ።

ይህን ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። እየተናገርኩ እንባዬ ይወርዳል፣ ማሽኑ ይጮኻል።

ጋሼ በቀስታ «ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ።

«እርስዎ ራስዎ ደብዳቤው ላይ ጽፈውታል እኮ ጋሼ። አንድም ቀን ተቃውማኝ አታውቅም ብለው።»

«አልጠየቅሽኝም እኮ፣ በሩ ክፍት ነበር።»

«ክፍት አልነበረም። አንድ ቀን አንዱ ጸሐፊ አረመዎት፤ በሳምንቱ ወደ አሮጌ መዝገብ ማከማቻ ክፍል ተዛወረ። ሁላችንም አየን።»

እንዲህ እየተባባልን ቀጠልን። እሳቸው የክርክር ነጥብ ያመጣሉ፣ እኔ እመልሳለሁ፤ ሕግ ይጠቅሳሉ፣ እኔ መዝገብ እጠቅሳለሁ። መጨረሻ ላይ «ደህና ዋይ» አሉና ስልኩን ዘጉት። ማሽኑም ቆመ። እርጥቡን ልብስ እያወጣሁ፣ ያጎረሰኝን እጅ ነከስኩ፣ ደብዳቤውንም አጣሁ፣ ሽማግሌውንም አጣሁ እያልኩ ተንሰቀሰቅኩ። ጎረቤቴ ምንም ሳትጠይቀኝ አንሶላዬን በአንድ በኩል ይዛ አጣጠፈችልኝ።

ስምንት ቀን ምንም አልሰማሁም። አልደወልኩም፤ በምን ዓይኔ? ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤቱ ኢሜል መጣ፦ የድጋፍ ደብዳቤዎ ደርሶናል። ሊንኩን ከፍተውታል ማለት ነው። ምን ብለው እንደጻፉ ግን አይነግርም። የመጀመሪያውን ሁለት ገጽ ይሆን? ይባስ ብሎ ባለጌ ናት ብለው ይሆን? ያንን ክረምት ሙሉ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በረዶ ስጠርግ፣ ይሄንኑ ሳሰላስል ከረምኩ።

ማርች ላይ ካውንተር ላይ ቆሜ ኢሜሉን ከፈትኩት። ተቀብለውኛል። የሳል ሽሮፕ የሚገዙ አሮጊት ፊት «ኡኡ!» ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ደንግጠው «አምቡላንስ ልጥራልሽ?» አሉኝ።

አዲስ ተማሪዎች እንኳን ደህና መጣችሁ የሚባሉበት ቀን፣ በር ላይ ያው ጎረምሳ ነበር። ዘንድሮ «ተማሪ ነኝ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ። የቅበላ ኃላፊዋ ስሜን ደረቴ ላይ አንብባ እጄን ጨበጠችኝና ጥቂት ሳትለቀኝ ቆየች። ደብዳቤሽን ቢሯችን ውስጥ ያላነበበ ሰው የለም አለችኝ። ምን ይላል ብላት፣ ምስጢር ነው ብላ ሳቀች።

ብሉር ጎዳና ላይ ወጥቼ፣ መንገዱ ዳር ቆሜ፣ ለጋሼ ደወልኩ። የመግባቴን ነገር በመልእክት ነግሬያቸው «ተመስገን» ብለው ብቻ ነበር የመለሱልኝ። ድምፃቸውን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የጻፉት?» አልኳቸው።

«ዳኛ ፍርዱን ካነበበ በኋላ አይወያይበትም።»

«ጡረታ ላይ ነዎት፤ ዳኛ አይደሉም። ደግሞ ፍርዱ የሚመለከተኝ እኔን ነው፤ ግልባጭ የማግኘት መብት አለኝ።»

ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ግልባጩን አስቀርተዋል። በአማርኛ እየመለሱ ቀስ ብለው አነበቡልኝ።

«ስለዚህች አመልካች ቀደም ሲል አንድ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። በይግባኝ ሽሬዋለሁ። አንገቷን የደፋች ናት ብዬ ነበር፤ የፍሬ ነገር ስህተት ነው። አንገቷን ያስደፋኋት እኔ ነኝ። በዚህም ምክንያት አንዲት መበለት ሁለት ዓመት ቤት አልባ ሆናለች። ይህን የነገረችኝ ባለፈው ቅዳሜ ነው። አርባ ደቂቃ ተከራከርኳት፣ ረታችኝ። በዳኝነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና፣ እናንተ እንደኔ ዝም አታሰኟት።»

አንብበው ጨረሱ። መኪናው ያልፋል፣ ሰው ይገፋኛል፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆሜያለሁ። 

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ጋሼ። «ተናገሪ እንጂ!»