አፍንጫ ለሴንሰሯ ምስክር የተቆጠረ ዕለት

በሥጋ ማቀዝቀዣው ፋብሪካ ትክክለኛ ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «አፍንጫ» ነው የሚሉት። ከማቀዝቀዣው ቱቦ አሞንያ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሲያፈተልክ ቀድሞ የሚያሸተው እሱ ነበራ! ነበር እንግዲህ። አንድ ክረምት የያዘው ጉንፋን ማሽተቱን ጠራርጎ ወስዶበታል። ይህን የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ናት፤ ምግቡ አርሮም «እጅሽ ይባረክ» የሚል ባል ከየት ይመጣል? ሥራ ቦታ ግን የሰው ፊት እያየ ኖረ። አንዱ ፊቱን ካጨማደደ «ቱቦው አፈተለከ!» ይላል። ይጨበጨብለታል፤ ሥራ አስኪያጁም ይሸልሙታል።

አንድ ቀን ወጣቷ መሐንዲስ ጋዝ ጠቋሚ ሴንሰር ይዛ መጣች።

«ይቺ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ሽፋን ኦርጋኒክ ሰሚኮንዳክተር፣ ከካርቦን ውህድ የተሠራች ከፊል ኤሌክትሪክ አሳላፊ ናት» አለች። «አሞንያ ሲያርፍባት የምታሳልፈው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። ያኔ ሰው ሳይጎዳ ደወሉ ይጮኻል።»

ሥራ አስኪያጁ አገላብጠው አዩዋት። «ደግ። ግን እውነቷን መሆኑን በምን እናውቃለን? አፍንጫ ይመስክርላት!»

ኮሚቴ ተቋቁሞ ሴንሰሯን ይዞ ጋዙ የሚጨመቅበት ኮምፕረሰር ክፍል ገባ። ደወሉ ወዲያው ጮኸ። አፍንጫ እንደ ልማዱ የሰዉን ፊት ቃኘ። ምን ዋጋ አለው፣ ኮሚቴው በሙሉ የእሱን ፊት እያየ ነው! አየሩን በረዥሙ ሳበ። ጉሮሮውን ከረከረው፤ ዋጥ አድርጎ «ምንም የለም» አለ።

«ሰማሽ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ዕቃሽ ቀጣፊ ናት!»

«ኧረ ጋሼ፣ እንውጣ!» አለች መሐንዲሷ።

አለቃ ሳይወጣ ማን ይወጣል? ሒሳብ ሹሙ እየሳለ «ጉንፋን ነው» አለ። የግዢ ኃላፊዋ ዓይኗን እያሸች አቧራ አመካኘች። ሥራ አስኪያጁም እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ «አፍንጫ ካለ አለ ነው» አሉ።

ይኼኔ አፍንጫ አላስቻለውም።

«ጌታዬ፣ እበትና ሽቶ መለየት ካቃተኝ ስንት ዘመኔ! ውጡ!» ብሎ እየገፈተረ አስወጣቸው። መሐንዲሷ የአሞንያውን ቱቦ ቫልቭ ከውጭ ዘጋች። ማንም አልተጎዳም።

አፍንጫ በማግስቱ የስንብት ደብዳቤ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁ ግን የሸለሙት ሰው ማሽተት እንደማይችል እንዴት ብለው ለበላይ ይጻፉ? «ባለሙያችን ሴንሰሯን በተግባር ፈትኖ አጽድቋል» ብለው ጻፉና የሴንሰር ኃላፊ አድርገው ሾሙት።

አሁን በየቱቦው አንድ አንድ ሴንሰር ተሰቅሏል። ደወል በጮኸ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው በበሩ የሚወጡት ሥራ አስኪያጁ ናቸው።