ወደ ቤት ውሰጃቸው

አባቴ ሉማሜ አጠገብ ባለች ገጠር ቄስ ናቸው። ግራ እግራቸው ደንዝዞ ቅዳሴ መቆም ካቃታቸው ወዲህ ሰው ማየት ሁሉ አስጠልቷቸው ነበር። አዲስ አበባ ያገኘነው ሐኪም የወገባቸው ዲስክ ነርቩን እንደተጫነው፣ ቀዶ ጥገና ካልተደረገም እግሩ በዚያው እንደሚቀር ነገረን። አጥንቱን የሚያጠብቅ ብሎን ይገባል፤ የሚገባበትን መንገድ የሮቦት ክንድ ይይዝለታል፤ እሱ የት እንደደረሰ በስክሪን ያያል።

«እጁ አይንቀጠቀጥም?» አሉ አባ።

«የእኔ ይንቀጠቀጥ ይሆናል እንጂ የእሱስ አይንቀጠቀጥም» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አላመንኩትም። የሞባይሌ ካርታ እንኳ ሉማሜ ቁጭ ብዬ ደጀን ነሽ ይለኛል! ያ ብረት በአባቴ ጀርባ ውስጥ ትንሽ ቢስትስ?

ጠዋት አስገቧቸው። ኮሪደሩ ላይ አባታችን ሆይን እጀምርና መሀሉ ይጠፋብኛል፤ የቄስ ልጅ ተብዬ! ከቀትር በኋላ ሐኪሙ ወጣ።

«ጨርሰናል። ትንሽ አርፈው ዛሬውኑ ወደ ቤት ውሰጃቸው።»

ክው አልኩ። እኛ አገር ሐኪም ወደ ቤት ውሰዱት ካለ፣ ቤቱ ይሙት ማለቱ ነው። ጀርባውን የተቀደደ ሰው በዕለቱ ይወጣል እንዴ? «ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ነው» አለኝ፤ ማባበያ መሰለኝ። እውነቱን እንዳይነግረኝ ፈርቼ ደግሜ አልጠየቅሁም።

አባም እንደኔው ተረድተውታል። አክስቴ ቤት አድረን ሲነጋ «አገሬ አድርሺኝ» ብቻ አሉ። መኪና ውስጥ በሬዎቹ ለማን እንደሚሆኑ፣ የት እንደሚቀበሩ ይነግሩኝ ጀመር።

«ይተዉ አባ፣ በሞቴ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ጮሄባቸው አላውቅም።

ዓባይ በረሃ ስንደርስ «አቁሙልኝ» አሉ። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ሾፌሩ ዳር ያዘ። ደግፌ ሳወርዳቸው አንዱ ነጠላ ጫማቸው መኪናው ውስጥ ቀረ። ትንሽ ተራመዱና ቀጥ አሉ። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ትከሻዬን ጭምድድ አድርገው ያዙት።

«ምን ሆኑ አባ? ኧረ ምን ሆኑ?»

«ምን ሆኑ ትላለች እንዴ! ጫማዬን አምጪልኝ እንጂ፣ ጠጠሩ እግሬን ፈጀው።»

«የትኛውን?»

«ግራውን ነዋ!» አሉ ተቆጥተው። ከዚያ ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩት፤ ጫማውንም ሳመጣላቸው አልተቀበሉኝም።